ባትሪው ጨርሶ አልቆ አልከፍት ያለ ስልክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባትሪ ዘግቶ በዚያው የቀረ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ደህና ቻርጀርና ትዕግሥት ነው። ብዙው ስልክ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው፤ በየደቂቃው ማብሪያው ሲጫን፣ መርፌ መሰኪያው ውስጥ ሲገባ፣ ባትሪው ሳይለካ ፍላሽ ሲደረግ (ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ሲጫን)። እዚህ የጻፍነው ድሬዳዋና ሐረር ላለ ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችለውን፣ ከዚያ ካለፈም ጥገና ቤት ሄዶ ምን መጠየቅ እንዳለበት ነው። ባትሪው ያበጠ ወይም ስልኩ ውሃ የነካው ከሆነ ምንም ሳትሰኩ መጀመሪያ ስለ እነሱ የተጻፈውን አንብቡ።

ስልኬ ባትሪ ዘጋ፤ ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይታይም። ሞቷል ማለት ነው?

ገና ነው። ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት፣ በምታምኑት ቻርጀር ሰኩትና 1 ሰዓት ሙሉ አትንኩት። ስክሪኑ ጨለመ ማለት ቻርጅ አልገባም ማለት አይደለም።

ስልኩ 0 በመቶ ብሎ ራሱን ሲያጠፋ ባትሪው ገና ባዶ አልሆነም፤ ቮልቴጁ 3.3 ወይም 3.4 አካባቢ ነው። ሳይሞላ ከተቀመጠ ግን ቀስ እያለ መውረዱን ይቀጥላል። ወደ 2.5 ቮልት ግድም ሲደርስ (እንደ ባትሪው አሠራር ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል) ባትሪው ጫፍ ላይ ያለችው መከላከያ ሰርኪዩት መስመሩን ትቆርጣለች። እንዲህ የወረደ ሊቲየም ባትሪ ፈጥኖ ከተሞላ ስለሚጎዳ፣ ቻርጅ የሚቆጣጠረው ቺፕ ቮልቴጁ 3 እስኪጠጋ ድረስ 100 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ እያንጠባጠበ ይሰጠዋል። በዚህ መጠን ስክሪን አይበራም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባትሪያችሁ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢሆንና ከዚህ ደረጃ ለመውጣት 1 ወይም 2 በመቶ ቢያስፈልገው፣ ያ ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። በ100 ሚሊ አምፔር ሲሞላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል። ለወራት የተቀመጠ ስልክ ከሆነ 3 እና 4 ሰዓት፣ ወይም ሙሉ ሌሊት መስጠት ተገቢ ነው። የምትጠብቁት ምልክት አንድሮይድ ላይ ባዶ የባትሪ ሥዕል፣ አይፎን ላይ ቀይ ባትሪ ነው።

ሎጎው መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። ደግሜ ስሞክር እንደዚያው። ለምን?

ቸኩላችሁ ነው። ስልክ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና የኔትወርክ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ኃይል ይጠይቃሉ፤ ለአፍታ ከ1 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። 1 በመቶ ላይ ያለ ባትሪ ይህን ሲጠየቅ ቮልቴጁ ዘጭ ይልና ስልኩ ራሱን ያጠፋል። በዚህ መሀል በ20 ደቂቃ የተጠራቀመችው ቻርጅ አለቀች። በየ5 ደቂቃው የሚሞክር ሰው ቀኑን ሙሉ ሰክቶ ቢውልም ስልኩ ላይነሳለት ይችላል።

የቻርጅ ምልክቱ ከመጣ በኋላም ጠፍቶ ይሙላ። 20 ወይም 30 በመቶ ሲደርስ፣ ገመዱ ሳይነቀል አብሩት። ብዙ ስልኮች ሲሰኩ በራሳቸው ይነሳሉ፤ ያ ከሆነ ተዉት፤ ደጋግሞ ተነስቶ ከጠፋ ግን ሌላ ጠንካራ ቻርጀር ያስፈልገዋል። 50 በመቶ ከደረሰ በኋላም ሎጎው ላይ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው አርጅቶ ኃይል በሚፈለገው መጠን መስጠት አቅቶታል፤ ቀጥሎ የሚታሰበው ባትሪ መቀየር ነው።

በፓወር ባንክ ስሰካው ትንሽ ቆይቶ ፓወር ባንኩ ራሱ ይጠፋል። ተበላሽቷል?

ፓወር ባንኩ ደህና ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል በጣም ሲያንስ «የተሰካ ነገር የለም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ጨርሶ ያለቀ ስልክ ደግሞ መጀመሪያ ላይ የሚስበው ያንኑ ትንሽ መጠን ነው። ስለዚህ ባትሪው በጣም ለወረደ ስልክ ፓወር ባንክ አይመከርም፤ ግድግዳ ላይ ሰኩት። መብራት ጠፍቶ ሌላ አማራጭ ከሌለ በየጊዜው የፓወር ባንኩን ቁልፍ እየነካችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ ወይም ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ጎን ለጎን ሌላ ስልክ ሰኩበት፤ ያኔ አይጠፋም።

የትኛው ቻርጀር ይሻላል?

ከስልኩ ጋር የመጣው። እሱ ከሌለ ጀርባው ላይ «5 ቮልት፣ 2 አምፔር» የሚል ቻርጀር ይበቃል። ባለ 1 አምፔሩም ይሠራል፣ ይዘገያል እንጂ፤ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ6 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ባለ 33 ወይም 45 ዋት ፈጣን ቻርጀር ባዶ ባትሪን ፈጥኖ አያነሳውም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ስልኩ ነው፤ ጉዳትም የለውም። ኮምፒውተር ላይ መሰካት ግን ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፤ የድሮው ዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው ቢበዛ 500 ሚሊ አምፔር ነው።

ከዓረብ ሀገር የመጣ ቻርጀር ካላችሁ ሦስቱን ጠፍጣፋ እግሮቹን ልብ በሉ። ቮልቴጁ ችግር የለበትም፤ ላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ የእኛን 220 ይቀበላል። ችግሩ የሶኬት መሸጋገሪያው (አዳፕተሩ) ነው። የላላ መሸጋገሪያ በላላ ዲቫይደር ላይ ሲሰካ ግንኙነቱ ይቆራረጣል፣ ይፈነጥቃል። የሚንጠባጠበው ቻርጅ በተቆራረጠ ቁጥር ስልኩ ለመነሣት ይዘገያል። ለዚህች 1 ሰዓት ቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚገባ ቻርጀር ተዋሱ።

ገመዱንም አትርሱ። ቀጭን ርካሽ ገመድ ከቻርጀሩ የወጣውን 5 ቮልት መንገድ ላይ ይበላዋል፤ ስልኩ ጋ ሲደርስ 4.5 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ያንኑ ቻርጀርና ያንኑ ገመድ በሌላ ስልክ ላይ መሞከር 2 ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ገንዘብም ያድናል።

ከተቻለ ደግሞ ትንሿን የዩኤስቢ አምፔር መለኪያ ግዙ። በቻርጀሩና በገመዱ መካከል ትሰካለች። 0.00 ካሳየች ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም ቦርዱ ላይ ችግር አለ። ከ0.05 እስከ 0.15 ካሳየች እየተንጠባጠበ ነው፤ ታገሡ። ከ0.5 በላይ ከወጣች ባትሪው መሙላት ጀምሯል፤ ስክሪኑ አሁንም ጨለማ ከሆነ ጥፋቱን ከባትሪው ውጪ ፈልጉት።

መሰኪያው ላላ ይላል፤ ገመዱ ጠበቅ ብሎ አይገባም። እንዴት ላጽዳው?

ድሬ ላይ ከባትሪው ቀጥሎ የምንጠረጥረው ይህንን ነው። ኪስ ውስጥ ያለ የጨርቅ ብናኝና የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አቧራ መሰኪያው ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ይበልጥ እየጠለቀ እንደ ተጠቀጠቀ ጨርቅ ይደርቃል። ገመዱ እስከ ጥጉ ካልገባ እግሮቹ አይነካኩም።

ስልኩ ጠፍቶ፣ ከቻርጅ ተነቅሎ፣ የእንጨት ስቴኪኒ ጫፉን በምላጭ አቅጥኑ። የታይፕ ሲ መሰኪያ መሀሉ ላይ ቀጭን ምላስ አላት፤ እግሮቹ ያሉት እሷ ላይ ነው፤ ብትሰበር መሰኪያው ይቀየራል። ስለዚህ ስቴኪኒውን በምላሷና በግድግዳው መካከል አስገቡ፣ ወደ ታች አትጫኑ፣ ከጥጉ ወደ ውጪ ጫሩ። የአይፎን ላይትኒንግ መሰኪያ መሀል ምላስ የለውም፤ ቆሻሻው ጥጉ ላይ ነው የሚጠቀጠቀው። መርፌና የወረቀት መያዣ ሽቦ አይገባም፤ ብረት ሁለት እግሮችን ካገናኘ የቻርጅ ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። በአፍ መንፋትም ምራቅ ይዞ ይገባል፤ በጎማ መንፊያ ንፉት።

እግሮቹ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ካበቀሉ ለስላሳ ብሩሽ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ ቦርሹ፤ ከ15 ደቂቃ በላይ ይድረቅ። የእጅ ሳኒታይዘር አይተካውም፤ ውሃና ጄል አለበት። ከጸዳ በኋላም ገመዱ ካልጨበጠ መሰኪያው ተበልቷል። ብዙ የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ሞዴሎች ላይ መሰኪያው ያለው ከዋናው ቦርድ በተለየች ትንሽ ቦርድ ላይ ስለሆነ መቀየሩ ቀላል ሥራ ነው።

1 ሰዓት ጠበቅኩ፤ ምልክትም የለም። ቀጥሎስ?

ስልኩ በርቶ ደርቆ የቀረም ሊሆን ይችላልና በኃይል ማስነሣትን ሞክሩ። ገመዱ አይነቀል።

ሳምሰንግ ላይ ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙ። ሬድሚና ሁዋዌ ላይ ማብሪያውን ብቻ ከ10 ሰከንድ በላይ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ ማብሪያውን 15 ሰከንድ ያዙ፤ ካልሆነ ከድምፅ መጨመሪያው ጋር፣ ካልሆነም ከመቀነሻው ጋር። ጎግል ፒክስል ላይ ማብሪያውን እስከ 30 ሰከንድ። አይፎን 8 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ መቀነሻውን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ የጎን ቁልፉን የአፕል ምልክት እስኪመጣ ያዙ። አይፎን 7 ላይ ድምፅ መቀነሻና የጎን ቁልፍ አብረው፤ ከዚያ በፊት ባሉት የሆም ቁልፍና ማብሪያው አብረው ይያዛሉ።

ማብሪያው ራሱ «ጠቅ» ይላል? በስልኩ ሽፋን ተጭኖ የቀረ ቁልፍ ስልኩን ሳያቋርጥ እያስነሣ ያጠፋዋል። ሽፋኑን አውልቁና ሞክሩ።

ምናልባት ስክሪኑ ቢሆንስ የሞተው?

ይህ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ከሌላ ስልክ ደውሉለት። ከጠራ ወይም ከነዘረ ስልኩ ሕያው ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አግድም አብሩበት፤ ምስሉ በደብዛዛው ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ ብርሃን ነው። የድምፅ ቁልፉ ሲነካ ድምፅ ካለ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ድምፅ ካሰማም እንደዚያው። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ሙቀቱ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ያገናኘዋል፤ ድሬ ላይ በተለይ። ስልኮች የባትሪያቸውን ሙቀት በትንሽ መለኪያ ይከታተላሉ፤ ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋ ቻርጁን ይቀንሳሉ ወይም ጨርሰው ያቆማሉ። በግንቦትና በሰኔ የውጪው አየር ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወይም ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ያለ ስልክ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። የበራ ስልክ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ያለቀ ስልክ ግን የሚያሳይበት ኃይል ስለሌለው ዝም ይላል፤ እናንተም ሞተ ትላላችሁ።

ሽፋኑን አውልቁ። የሲሚንቶ ወይም የሸክላ ንጣፍ ወለል ላይ፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል አስቀምጡ፤ ትራስ፣ ፍራሽና ምንጣፍ ሙቀት ያፍናሉ። ሥራውን ለምሽት ማቆየት ከሁሉ ይሻላል። ሐረር ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ በዚህ በኩል የታደለች ናት። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግን የለም፤ ሲወጣ የሚያልበው እርጥበት ቦርዱ ላይ ይቀመጣል።

ስልኩ ሳጥን ውስጥ 8 ወር ተቀምጧል። ይነሣል?

ዕድል አለው፤ ዋስትና የለውም። የጠፋ ስልክ ባትሪም በየወሩ ጥቂት በመቶ ያጣል፤ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። በ60 በመቶ ጠፍቶ የተቀመጠ ስልክ 8 ወር ቆይቶም ብዙ ጊዜ ይነሣል። ባትሪ ዘግቶ የተቀመጠው ነው አሳሳቢው።

ቁርጡ የሚታወቀው በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ነው። ጥገና ቤት ባትሪው ከቦርዱ ተላቆ ይለካል። 0 ቮልት ካሳየ አትደንግጡ፤ መከላከያዋ መስመሩን ቆርጣ ሊሆን ይችላል፤ ከእሷ በስተጀርባ ያለው ሴል 2.4 ወይም 2.6 ቮልት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ባለሙያው በባትሪ ማንቂያ ቦርድ ወይም መጠኑ በሚገደብ ፓወር ሰፕላይ (የኃይል መስጫ መሣሪያ) በትንሽ አምፔር ያነሣዋል። ሴሉ ራሱ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ለሳምንታት ከቆየ ግን ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል፤ ሲሞላ ያ መዳብ ተመልሶ እየተጋገረ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ይፈጥራል። ከ1.5 ቮልት በታች ሆኖ የከረመ ባትሪ ቢነሣም መጠቀም አይገባም። ይቀየር።

ለተነሣ ባትሪ አንድ ፈተና አለ፤ ጠይቁት። ሙሉ ይሞላ፣ ከስልኩ ተላቆ ይደር። 4.2 ቮልት ላይ የተተወ ባትሪ ጠዋት ከ4.1 በታች ከተገኘ ውስጡ ያፈስሳል፤ አይታመንም።

ዩቲዩብ ላይ በ9 ቮልት ባትሪ ወይም በተላጠ የቻርጀር ሽቦ «ሲቀሰቅሱ» አየሁ። ልሞክር?

አትሞክሩ። የስልክ ባትሪ ጣሪያው እንደ ዓይነቱ ከ4.2 እስከ 4.5 ቮልት ነው። 9 ቮልት ወይም ገደብ የሌለው 5 ቮልት ቀጥታ ሲገባበት፣ መዳቡ በተሟሟ ሴል ላይ ከሆነ በተለይ፣ ሊያብጥና ሊቀጣጠል ይችላል። የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው። ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አገላብጦ መንካት ደግሞ የመከላከያ ሰርኪዩቷንና የስልኩን የኃይል ቺፕ በአንዴ ይወስዳል። ባለሙያው የሚሠራውም መቀስቀስ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ቮልቱንም አምፔሩንም ገድቦ፣ ሙቀቱን እያየ መሥራቱ ነው።

ጀርባው ከፍ ብሏል፤ ስክሪኑም ከጎኑ ተላቋል።

ባትሪው አብጧል። አትሰኩት፣ አትጫኑት፣ በመርፌ አየሩን ላውጣ አትበሉ። ከነስልኩ የሚነድ ነገር ወደሌለበት አውጡትና ደረቅ አሸዋ ባለበት ብረት ዕቃ ወይም ሸክላ ላይ አስቀምጡ። ልጆች አይቅረቡት። በዚያው ቀን ባትሪውን የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ይሂድ፤ የወጣው ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል። ተሰክቶ እያለ ከተቀጣጠለ መጀመሪያ ኃይሉን ከቆጣሪው ማብሪያ ማጥፊያ ዝጉ፤ ከዚያ ብዙ ውሃ አፍስሱበት፤ ከጭሱ ራቁ።

ውሃ ነክቶት ነበር፤ ሩዝ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሩዝ ውስጡ የገባውን ውሃ አይስብም፤ ዱቄቱ ደግሞ መሰኪያውን ይደፍናል። እርጥብ ሆኖ ቻርጅ ከተሰካ መሰኪያው ይበላል። አብዛኞቹ ስልኮች የሲም መያዣው ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ምልክት አላቸው፤ ውሃ ሲነካት ወደ ቀይ ትቀየራለች። ቀይ ከሆነች ሳትሰኩ አስከፍቱት፤ ቦርዱ በአልኮል ይታጠብ።

ድሬ ታይዋን ገበያ ወስጄው «ፍላሽ ያስፈልገዋል» አሉኝ። ልስማማ?

ሎጎው ላይ ተጣብቆ የቀረ ስልክ ከሆነ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ዘግቶ ጭርሱን ያልበራ ስልክ ላይ ግን ፍላሽ የመጀመሪያ መልስ ሊሆን አይገባም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥያቄ ኤሌክትሪክ መድረስ አለመድረሱ ነው። «መጀመሪያ ባትሪውን ለኩልኝ፤ ፓወር ሰፕላይ ላይ አድርጉልኝ» በሉ። ድሬ ላይ ታይዋንም ሆነ ከዚራ ሰፈር፣ ሐረርም ሸዋ በር አካባቢ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሠሪ ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም።

የፓወር ሰፕላዩን ንባብ እናንተም ማየት ትችላላችሁ። ባትሪው ተላቆ 4 ቮልት አካባቢ ሲሰጥ፣ ማብሪያው ሳይነካ የአምፔር ንባቡ 0 ላይ መቆም አለበት። ሳይነካ በመቶዎች ሚሊ አምፔር ከዘለለ ቦርዱ ላይ ሾርት አለ። ሲነካ ከፍ ዝቅ እያለ ከወጣ ስልኩ እየተነሣ ነው፤ ችግሩ ባትሪው ነበር። ሲነካም 0 ላይ ከቀረ ማብሪያው ወይም የኃይል ቺፑ ይጠረጠራል። ትንሽ ወጥቶ አንድ ቁጥር ላይ ደርቆ ከቆመ ነው የሶፍትዌር ወይም የሜሞሪ ነገር የሚነሣው።

ፍላሽ ፎቶውንና ስልክ ቁጥሩን ሊያጠፋ ይችላል። «ዋይፕ ዴታ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ያለጥርጥር ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ የቀድሞውን የጎግል አካውንትና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እሱን የማታስታውሱ ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው።

ባትሪው ሲያልቅ ፎቶዎቼ ጠፍተዋል?

አልጠፉም። የስልክ ሜሞሪ ያለ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ወራትም ቢሆን። ግን ቺፑን ነቅሎ ማንበብ በዛሬዎቹ ስልኮች አይሆንም፤ መረጃው ተቆልፎ የተቀመጠ ነው፤ ቁልፉም ያለው ቦርዱ ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ያንኑ ቦርድ ማስነሣት አለበት፤ የስክሪን መክፈቻውንም ማወቅ አለበት።

እስኪሠራ ድረስ ቴሌብሬን እንዴት ልጠቀም?

ሲሙን አውጥታችሁ ሌላ ስልክ ላይ፣ የቁልፍ ስልክም ቢሆን፣ አስገቡና *127# ደውሉ። ሒሳቡ ያለው በቁጥሩ ላይ ነው፤ ከስልኩ ጋር አልሞተም። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለስልክ ሠሪው አትስጡ፤ ሲሙንም አብራችሁ አትተዉ።

ባትሪው የሚወጣ ስልክ ነው የያዝኩት።

ዕድለኛ ናችሁ። ባትሪውን አውጡ፣ የስልኩን ማብሪያ 30 ሰከንድ ያዙ፣ የባትሪውን ወርቃማ እግሮች በእርሳስ ላጲስ ጠርጉ፣ የስልኩን ምላሶች በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡ፣ መልሱና ሰኩ። ባትሪውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ስታሽከረክሩት ከዞረ አብጧል።

አዲስ ባትሪ ስገዛ ምን ልይ?

አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ የስልኩ ስም ብቻ አይበቃም። በዚያው መጠን ላይ የአሮጌውን እጥፍ የሚል ቁጥር የተጻፈበት ውሸት ነው። የተመረተበትን ጊዜ አንብቡ፤ ሱቅ ውስጥ በድሬ ሙቀት 3 ዓመት የከረመ ባትሪ አዲስ አይባልም። ሻጩ በቴስተር ይለካላችሁ፤ ከ3.7 እስከ 3.9 ቮልት ደህና ነው፤ ከ3 በታች የሆነውን መልሱለት። የድሮውን የቀየረላችሁ ሰው ማጣበቂያውን በጠመንጃ መፍቻ እየፈነቀለ ካወጣው አዲሱ ላይም እንደዚያ እንዳያደርግ ንገሩት፤ የተወጋ ባትሪ ሊቀጣጠል ይችላል።

ገጠር ነኝ፤ ያለኝ የሶላር ፓኔል ነው።

ፓኔሉን ቀጥታ ከስልኩ ጋር አታገናኙት። ደመና ባለፈ ቁጥር ቻርጁ ይቋረጣል፤ ያለቀ ስልክ ደግሞ መቋረጥ አይችልም። ፓኔሉ በባትሪ የሚሠራ የሶላር ዕቃ ይሙላ፤ ስልኩ ማታ ከዚያ ይሰካ። ፓኔሉ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ሥር። ባጃጅ ወይም መኪና ላይ ከሆነ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሰኩ፤ ሲነሣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል።

ተነሣልኝ! ግን ዋትሳፕ «ቀኑ ትክክል አይደለም» ይላል፤ ፐርሰንቱም ይዘላል።

ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅ የስልኩ ሰዓት ቆጣሪም ይቆማል፤ ስለዚህ ስልኩ ከዓመታት በፊት ባለ ቀን ይነሣል። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓትን «አውቶማቲክ» ላይ አድርጉ። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑንም እዩ፤ ከዓረብ ሀገር የመጣ ስልክ ላይ ሪያድ ወይም ዱባይ ሊሆን ይችላል። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድመናል።

ፐርሰንቱ የሚዘለው ቆጣሪው ስለተምታታ ነው። 100 ሙሉና ተጨማሪ 1 ሰዓት አቆዩት፤ ከዚያ እስከ 15 ወይም 20 በመቶ ተጠቀሙ፤ እንደገና ሙሉ። ሁለት ጊዜ ከተደረገ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላም ከ40 በመቶ ዘጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ነው።

ሁለተኛ ስልኬን ለወራት ላስቀምጥ ነው። ባትሪውን ሙሉ ልሙላው?

አትሙሉት። ግማሽ ላይ፣ 50 በመቶ አካባቢ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። 100 ሆኖ በሙቀት መቀመጥ ባትሪውን ያስረጃል፤ 0 ሆኖ መቀመጥ ይገድለዋል። ከቆርቆሮ ጣራና ከመስኮት ራቅ ያለ፣ የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ላይ ይሁን። አምራቾች በ6 ወር አንዴ መልሳችሁ ግማሽ ሙሉት ይላሉ፤ ለድሬዳዋ ሙቀት በ3 ወር አንዴ ብታደርጉት እንመርጣለን።